ለሁለቱም ልጆቻችን

ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ
ጃንዋሪ 29 ቀን 1984

ለተከበሩ ለጋሼ ወልደየስ

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የዴን ሃግ የባሕር ንፋስ እንደማይስማማዎት ስለማውቅ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው እሱን ነው። እኔ ደህና ነኝ። ቀኑን ቀዶ ጥገና ክፍል ቆሜ እውላለሁ፣ ቤቴ ስገባ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ከላይ ያሉት ጎረቤቶቼ ሲጨቃጨቁ አዳምጣለሁ። ደብዳቤዎን ሳልመልስ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ ተናድጄ ስለነበር ነው። በንዴት ለአባት አይጻፍም ብዬ ጠበቅሁ። ንዴቱ አልበረደም፣ እንግዲህ ከነንዴቴ ይቀበሉኝ።

«የሰማሁት እውነት ነው ወይ?» ላሉኝ፣ እውነት ነው። ለዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት እወዳደራለሁ። ማን እንደነገረዎት አልጠይቅም፣ የእኛ ሰው ከፖስታ ቤት ይፈጥናል።

ነገሩን ግን ከእኔው ይስሙት። ዩኒቨርሲቲውን በሚያስተዳድረው ምክር ቤት ውስጥ ለሆስፒታላችን ሠራተኞች የተሰጠች አንዲት ወንበር አለች። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ወጥ ቤቱም፣ ወለል ጠራጊዋም እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። ላለፉት አራት ዓመታት እዚያች ወንበር ላይ የተቀመጠው ዶክተር አዘዘ ነው። በሜይ ወር ምርጫ ይደረጋል፣ እሱም እንደገና ቀርቧል፣ እኔም ቀርቤያለሁ። ፋን ዳለን የሚባል ከመድኃኒት ክፍል የመጣ ሆላንዳዊም አለ። ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም።

«ምን ጎደለሽ?» ያሉኝ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ጋሼ፣ ምን እንደጎደለኝ ያጡታል? የዛሬ ስድስት ዓመት አዘዘ ሽማግሌ የላከው እርስዎ ቤት ነው። አባቴ እዚህ የለም፣ በአባቴ ቦታ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። ሻይ አቀረብኩ፣ ትሪውን አስቀመጥኩ፣ «አላገባውም» ብዬ ለሽማግሌዎቹ በገዛ አፌ መለስኩ። ልጅ በአባቷ በኩል እንጂ እንዲህ ፊት ለፊት አትመልስም ተባልኩ። ይሁን፣ ጥፋት ነው እንበል። ከዚያ ወር ሳይሞላ ዩኒቨርሲቲው የነርስነት ዲፕሎማዬን እንዲመዝንልኝ አመለከትኩ። ኮሚቴው የአገራችንን ትምህርት አያውቅም፣ ስለዚህ የሚያውቀውን አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ጠየቀ። አዘዘን። እሱም «የድሬሰር ወረቀት ነው» አላቸው። አርባ አልጋ ያለው ክፍል የመራሁትን ሴት ቁስል አጣቢ አደረገኝ። አገር ቤት አብሮኝ በአንድ ሆስፒታል ሠርቷል፣ አላወቀም አይባልም።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ያውቃሉ። አምስተርዳም ተዛውሬ ወደ ኖርድ ሰፈር በጀልባ እየተሻገርኩ መጦሪያ ቤት ገላ አጠብኩ። ከትናንሽ ልጆች ጋር ተቀምጬ አልጋ ማንጠፍ እንደ አዲስ ተማርኩ። ጥርሴን ነክሼ ዛሬ ያለሁበት ደረስኩ። አዘዘ ደግሞ በላዩ የምክር ቤት ሰው ሆነ፣ ኮሚቴው ዛሬም የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ትርንጎ የምትባል አዋላጅ ነርስ የእኛን ኮሪደር ትወለውላለች፣ የእሷ ዲፕሎማ በመጪው መስከረም ይታያል። ስለ እሷም የሚጠየቀው እሱ ነው።

ከዚያች ወንበር ላነሳው ነው። ለትርንጎ ስል ነው ብልዎት ግማሹ ውሸት ይሆናል። ሰው ፊት ሲወድቅ ማየት እፈልጋለሁ።

አክባሪዎ ሰገነት


ዴን ሃግ
የካቲት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. (በዚህ አገር ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1984)

ለልጄ ለሰገነት

እንዴት ነሽልኝ? እንቅልፍሽስ? የምትበዪውስ? ብቻዋን የምትኖር ሰው ድስት ጥዳ እንደማትበላ አውቃለሁና ይህን ሳልጠይቅ ወደ ሌላ አልገባም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ አንድ ቀን ይሻለዋል፣ አንድ ቀን ይብሰዋል። ሁይስአርትሱ፣ የሰፈራችን ሐኪም፣ «በእግርዎ ብዙ ይሂዱ» ይለኛል። በእግሬ ብዙ ብሄድ ኖሮ ምን ወደ እሱ ያመላልሰኝ ነበር?

ቀኑን በፈረንጅ ብቻ መጻፍሽን አይቻለሁ። አልተቀየምኩም፣ ከሥራ ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ዲፕሎማው ያነሳሽውን በወረቀት አልመልስም፣ ስንገናኝ እናወራዋለን። ሽማግሌ ስለመጣበት ቀን የጻፍሽውንም እንዲሁ። ያ ቀን የእኔም ቀን ነበር፣ ይህን ብቻ ብዬ ልለፈው።

ልጄ፣ በዚህ አገር ያለነው ስንት ነን? አንዳችን ስንሞት የሚገንዘን፣ አንዳችን ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፋላት እኛው ነን። ለሚካኤል ማኅበራችን በየወሩ አዳራሽ ስንሰበሰብ አንቺ በአንዱ ጥግ፣ አዘዘ በሌላው ጥግ ስትቀመጡ ሊቀመንበር ሆኜ ሳያችሁ ኖሬያለሁ። እስካሁን ነገሩ በጥግና በጥግ ቀርቷል። ምርጫ ከገባበት ግን ሰዉ «አንተ የማን ወገን ነህ?» መባባል ይጀምራል። ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ።

ዶክተር አዘዘ ደውሎልኝ ነበር። የተናገረውን በሙሉ አልጽፍልሽም፣ ይበልጥ ትናደጃለሽ። ባጭሩ ሽማግሌ ሊልክብሽ አስቧል። ያለፈው አልፎ፣ አንቺ ከውድድሩ እንድትወጪለት ነው። ሁለት ሰው ይዤ ሮተርዳም ልምጣ ወይ? ለሻይ እንኳ እንዳትደክሚ።

አባትሽ ወልደየስ


ሮተርዳም
ማርች 18 ቀን 1984

ጋሼ ወልደየስ

ጾሙ እንዴት ያዘዎት? ከመድኃኒትዎ ጋር ባዶ ሆድ ደግ አይደለምና ቄሱን አስፈቅደው ትንሽ ይቅመሱ። ይህን የምለው እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ነርስ ነው።

አይምጡ። ለዚያ ሰው ብለው ደጄ ከቆሙ አልከፍትልዎትም፣ እርስዎን ደጅ ካቆምኩ ደግሞ ለራሴም ሰላም አላገኝም። ሁለታችንንም ከዚህ ያውጡን። ሽማግሌ መላክ ለእሱ ቀላል ነው። ያኔም ልኮ ነበር፣ «እምቢ» ስለው ምን እንዳደረገ አይተናል።

በውድነሽ በኩል «ብታሸንፊ ምን ታደርጊዋለሽ?» ብለው ላኩብኝ። ውድነሽ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ድረስ ሮጣ መጥታ ነው የጠየቀችኝ፣ እጇ ላይ ሊጥ ነበረባት። ምንም አላደርገውም። ሐኪም ነው፣ ያክም። ዲፕሎማ የሚመዘነው ግን በአንድ ሰው አፍ መሆኑ ቀርቶ በፈተና እንዲሆን በምክር ቤቱ አስወስናለሁ። እሱ በስብሰባ ቀን ወንበሩን እያሰበ ቤቱ ቁጭ ይበል። ለእኔ ይበቃኛል።

ባለፈው ሳምንት ሦስታችንንም ሠራተኛው ምሳ በሚበላበት አዳራሽ አናገሩን። አዘዘ ከረባት አስሮ መጣ። ስለ እኔ ሲጠይቁት ፈገግ ብሎ፣ እህታችን ሰገነት በጣም ታታሪ ናት፣ ከታች ተነስታ እዚህ ደርሳለች አለ። ሆላንዶቹ አጨበጨቡልኝ። ተነስቼ ይህን ብቻ አልኩ፦

«ከታች ማን እንዳስቀመጠኝ ዶክተር አዘዘ ያውቃል። ካልመረጣችሁት ምክንያቱ ለእሱ ይገባዋል።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ያን ፊቱን ሳስብ እስካሁን ምሳዬ ይጣፍጠኛል።

የቀዶ ጥገና ክፍል ሰዎች የእኔ ናቸው። ሐኪሞቹ የእሱ ናቸው። ሌላው ሆላንዳዊ ምርጫ መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ የሚወስነው የእኛ ሰው ነው፤ ጽዳት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ወጥ ቤት። አንድ በአንድ ዞሬ አነጋግሬያቸዋለሁ። «አይዞሽ፣ ካንቺ ጋር ነን» ያላለኝ የለም። የልብስ ማጠቢያው አሳምነውማ ደረቱን መታልኝ።

አክባሪዎ ሰገነት


ዴን ሃግ
ሚያዝያ 18 ቀን 1976 ዓ.ም. (ኤፕሪል 26 ቀን 1984)

ልጄ ሰገነት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ዘንድሮ ፋሲካችን ከነሱ ፋሲካ ጋር በአንድ ቀን ስለዋለ ደወላቸው ሲደወል እኛም እንደተደወለልን ቆጠርነው። ተረኛ ሆነሽ በመቅረትሽ ሁሉም አዝኗል። ድፎ ዳቦ በውድነሽ ልኬልሻለሁ። አንዱ ጎኑ ትንሽ አርሯል፣ ምድጃው የሰው ነው።

እንዳልሽኝ ደጅሽ አልመጣሁም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ከበዓሉ ምሳ በኋላ ያንቺና የአዘዘ ነገር በጉባኤው ፊት ተነስቶ ነበር። «ምን ተባለ?» ማለትሽ አይቀርም። በፍቅር ተጀምሮ በፍቅር ተጨረሰ፣ አንድም ሰው ቅር አላለውም። እኔም ሁለት ቃል ተናግሬያለሁ። በሥራሽ ላይ ዝርዝር ልጨምርብሽ ስለማልፈልግ እዚህ ልተወው።

ልብሽን ሰፋ አድርጊ። እንቅልፍ ተኚ።

አባትሽ ወልደየስ


ሮተርዳም
ሜይ 27 ቀን 1984

ጋሼ

ዛሬ ስለ ጉልበትዎ አልጠይቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይም አያድርጉልኝ።

ተሸነፍኩ። አዘዘም ተሸነፈ። ወንበሯን የወሰደው ፋን ዳለን ነው። እኔን በስድስት ድምፅ ነው የበለጠኝ። ሰውዬው ራሱ ደንግጦ፣ ንግግር እንኳ ሳያዘጋጅ፣ ለሁላችን ብስኩት ገዝቶ መጣ።

የሚቆጠረው እዚያው ምሳ አዳራሽ ስለነበር ቆሜ አየሁ። ቆጣሪዎቹ የተወሰኑ ወረቀቶችን ለብቻ እያደረጉ እየተያዩ ይስቁ ነበር። ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው። ተበላሽተው የተጣሉ ናቸው አሉኝ፣ አሥራ አራት ናቸው። አንዱን አሳዩኝ። በቀይ እርሳስ፣ ያለ ስርዝ ያለ ድልዝ፣ በእኔም ስም በአዘዘም ስም ፊት ምልክት ተደርጓል። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ሆላንዶቹ «እነዚህ ሰዎች መምረጥ አያውቁም እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ ማን እንደሆኑ ገብቶኛል። ከሆስፒታላችን ሀበሻ ሌላ እንዲህ የሚያደርግ የለም። ከአሥራ አራቱ ግማሹ እንኳ ለእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንበሯ የእኔ ነበረች።

ውድነሽን ወጥ ቤት ድረስ ሄጄ ያዝኳት። ማልቀስ ጀመረች። እኔን ለመጉዳት አልነበረም። እኔን ብትመርጥ አዘዘ ይቀየማታል፣ አዘዘን ብትመርጥ እኔ እቀየማታለሁ፣ ከሁለታችንም ጋር በአንድ ጽዋ ትጠጣለች። ለእኔ «አይዞሽ» ያሉት ሁሉ ለእሱም «አይዞህ» ብለውታል። ሁለቱም ጋ ምልክት ማድረግ መላ መስሏቸዋል። ወረቀቱ እንደሚጣል አንዳቸውም አያውቁም ነበር፣ ከመካከላቸው እዚህ አገር መርጦ የሚያውቅ የለም።

እስከዚህ ድረስ ይቅር ማለት እችል ነበር። ከዚያ ግን ውድነሽ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ ወልደየስ ናቸው በፋሲካው ዕለት ያሉን። ‹ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው፣ ለሁለቱም ምልክት አድርጉ፣ ሁለቱም ደስ ይበላቸው› አሉን። እኛም እፎይ አልን።»

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ወረቀቱ እንደሚጣል ያውቁ ነበር ወይ? አላውቅም ካሉኝ አምንዎታለሁ፣ እዚሁ ላይም ያበቃል። አዘዘ ወንበሩን ቢያጣም ደንቡ አልተለወጠምና ትርንጎ በመስከረም እሱ ፊት ልትቀርብ ነው። ምን እንደምላት እስካሁን አላወቅሁም።

ሰገነት


ዴን ሃግ
ግንቦት 30 ቀን 1976 ዓ.ም. (ጁን 7 ቀን 1984)

ለልጄ ለሰገነት

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ ጉልበቴ ባትጠይቂም ደህና ነው። ሰሞኑን ሞቅ ስላለ በረንዳ ላይ እየወጣሁ እቀመጣለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ በመሸነፍሽ ማዘኔን ልንገርሽ። አንቺ ብታሸንፊ ለማኅበራችን ክብር ነበር። ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም።

ለጥያቄሽ በአካል ብመልስ ይሻለኝ ነበር። አትመጪም እንጂ። እንግዲህ እጽፈዋለሁ።

ማኅበሩ እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነው። አንዳችሁ ብታሸንፉ የሌላው ወገን ከአዳራሹ ይወጣ ነበር፣ ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በሌላ አገር ያሉ ማኅበሮች እንዲህ ነው የፈረሱት። አሁን ማንም አልወጣም። ሁሉም እንደተቀመጠ ነው።

ይህ እውነት ነው፣ ግን ሙሉው አይደለም። ሙሉውን ካልነገርኩሽ አትተዪኝም። ያን የሽማግሌ ቀን አንቺ ሻይ ከማቅረብሽ በፊት እኔ ቃል ሰጥቼ ነበር። «ልጄ ናት፣ እኔ ካልኩ ትላለች» ብያቸው ነበር። አንቺ ትሪውን አስቀምጠሽ ቃሌን ከጫማሽ ስር አደረግሽው። ስድስት ዓመት ምንም አላልኩሽም። አዘዘም ቢሆን ከዚያ ወዲህ በየግብዣው «ልጁን ማዘዝ የማይችል ሽማግሌ» እያለ ያስቅብኝ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ያው ሰው ደውሎ ሽማግሌ ሁንልኝ አለኝ። አንቺ ደግሞ ደጅሽ እንዳልቆም ከለከልሽኝ። ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ ብያለሁ። ልጅ ደግሞ ይቀጣል።

ከታች ያለው ጎረቤቴ በጡረታ የተገለለ የማዘጋጃ ቤት ሰው ነው፣ በሕይወቱ ብዙ ምርጫ ቆጥሯል። ሁለት ላይ ምልክት ያለበት ወረቀት እንደሚጣል የነገረኝ እሱ ነው። የነገረኝ ፋሲካ ሳይገባ ነው።

አሁን ሁሉም እኩል ሆኗል፣ ቂሙም ይብቃ። ለሰኔ ሚካኤል፣ በዓሉ ማክሰኞ ስለሚውል፣ ጁን 24 ቀን እሑድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሁለታችሁንም በጉባኤው ፊት አስታርቃለሁ። ነጠላሽን ለብሰሽ ነይ። እንዳትቀሪብኝ።

አባትሽ ወልደየስ


ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ
ጁን 17 ቀን 1984

ለተከበሩ ለጋሼ ወልደየስ

ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። እውነቱን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አላውቅም ነበር ቢሉኝ አምንዎት ነበር፣ ሞኝነቴ እስከዚያ ድረስ ነበር።

እመጣለሁ። ለማስታረቁ ግን አይድከሙ፣ እሱን ጨርሰነዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ የአዘዘን በር አንኳኳሁ። ስድስት ዓመት ከኮሪደር ወዲያ ሰላም ብዬው አላውቅም። ሲያየኝ ብድግ አለ፣ ልሰድበው የመጣሁ መስሎታል። ተቀምጬ ደብዳቤዎን አነበብኩለት፣ ከጎረቤትዎ እስከ ፋሲካው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱ ቀላ። ለካ እርስዎ እሱንም «አይዞህ፣ የእኛ ሰው የትም አይሄድ» ብለውት ኖሯል።

ከዚያ ተደራደርን። ወልደየስን ብቻህን አትጥለውም፣ እኔም ብቻዬን አልጥለውም አልኩት። ዋጋውን ነገርኩት። ፊቴ ስልክ አነሳ፣ ለኮሚቴው ጸሐፊ ደወለ፣ የሰገነትም የትርንጎም የነርስነት ዲፕሎማ ሙሉ ነው፣ ያኔ ተሳስቻለሁ አለ። እጁን ያዝኩት።

«ተሳስቻለሁ አትበል» አልኩት። «ዋሽቻለሁ በል።»

ሴትየዋ በስልኩ ውስጥ «ሃሎ? ሃሎ?» ስትል ይሰማኛል። ከዚያ አለው፣ በጥሩ ሆላንድኛ፣ እሷም እንድትመዘግበው። ትርንጎ በመስከረም የምትቀርበው ሌላ ሰው ፊት ነው። እሑድ ለሚሆነው ነገር ድጋፉን የሰጠኝም ያን ዕለት ነው።

የሚሆነው ይህ ነው። ማኅበሩ ሲመሠረት ሊቀመንበር በየዓመቱ በሰኔ ሚካኤል ይመረጣል ተብሎ ነበር። እስከ ዛሬ ማንም አልመረጠም፣ «እንደነበሩ ይቀጥሉ» ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ጠላ ይቀዳል። ዘንድሮ ጸሎቱ እንዳለቀ አዘዘ ተነስቶ ይመረጥ ይላል፣ እኔን ያቀርባል። የእሱም ወገን የእኔም ወገን አንድ ወገን ነው፣ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ። ውድነሽ አሥራ አራቱን አነጋግራለች። የሆነውን ሲሰሙ ደንግጠዋል፣ ሆላንድ የሳቀባቸው በማን ምክንያት እንደሆነም አሁን አውቀውታል። አሳምነው ደረቱን እንዳይመታልኝ ለምኜዋለሁ፣ እሑድ እጁን ያውጣልኝ።

እርስዎም ይወዳደሩ። ማንም አይከለክልዎትም። ድምፁ የሚሰጠው በወረቀት አይደለም፣ እጅ በማውጣት ነው። አንድ ሰው አንድ እጅ፣ አንድ ጊዜ፣ እርስዎ ከፊት ተቀምጠው ፊት ለፊት እያዩት። ማንን እንደሚያስቀይም እዚያው ይወስናል።

ቃልዎን በማፍረሴ ስድስት ዓመት ቂም እንደያዙብኝ ባውቅ ኖሮ ቀርቤ ይቅርታ እጠይቅዎት ነበር። አሁን አልጠይቅም።

አዘዘን ይቅር ብዬው እንደሆነ ይጠይቁኝ ይሆናል። አላልኩትም። እሱም ያውቀዋል፣ ሲሸኘኝ በር ላይ ነግሬዋለሁ። የእሱ ተራ ከእርስዎ ቀጥሎ ነው።

ሰገነት